መቶ ዶላር ይዞ መጫወቻ ላይ መግባት፦ ከየት ይጀመራል?

ላቡቡ የሚባለው አሻንጉሊት በየሰው ቦርሳ ላይ ተንጠልጥሎ መታየት ከጀመረ ወዲህ አንድ ጥያቄ በዝቷል፦ "መጫወቻ ገዝቶ፣ አስቀምጦ፣ ኋላ መሸጥ ያዋጣል ወይ?" ያዋጣል። ግን አብዛኛው ሰው በሚያስበው መንገድ አይደለም። ሀብታም የሚያደርግ ሥራም አይደለም። ዕቃውን ራሱን ለሚወድ፣ ለማይቸኩልና ሒሳብ መጻፍ ለማይሰለቸው ሰው ግን ወጪውን ሸፍኖ ትንሽ የሚያተርፍ የትርፍ ጊዜ ሥራ ይሆናል።

የምጽፈው አሜሪካ ለምንኖረው ነው። አውሮፓ ያላችሁም አብዛኛውን ትጠቀሙበታላችሁ። አዲስ አበባ ሆኜ ልጀምር ለሚል ግን ቁርጡን ልናገር፦ ዕቃው የሚገዛውም የሚሸጠውም ውጭ ነው። የማጓጓዣና የቀረጥ ወጪ ትርፉን ገና ከበር ይበላዋል። የምጠቅሳቸው ዓመቶችና ወሮች ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ደረጃ 1፦ ገንዘቡን ለዩ

ለመጀመሪያ 100 ዶላር ይበቃል። ይህ ገንዘብ ለሁለትና ሦስት ዓመት ባይመለስ የቤት ኪራይ የማያጓድል፣ ዕቁብ የማያዛባ፣ አገር ቤት ለእናት የሚላከውን የማይነካ መሆን አለበት። ገንዘቡ ዛሬ ቢያስፈልጋችሁ መጫወቻው ነገ ላይሸጥ ይችላል። ቢሸጥም በወረደ ዋጋ ነው። በክሬዲት ካርድ ተበድሮ መግዛትማ ጭራሽ አይታሰብም።

ከመቶው 80ውን ለዕቃ መድቡ። 20ውን ለካርቶን፣ ለቴፕና ለፖስታ አስቀሩ። አዲስ ጀማሪ ሁሉንም ዕቃ ላይ ያፈስና መላኪያ ሲያጣ ነው የሚገኘው።

ደረጃ 2፦ አንድ ዓይነት ብቻ ምረጡ

ሁሉን የሚነካካ ሰው የየትኛውንም ዋጋ አያውቅም። ስለዚህ አንዱን ያዙ። የቱን? እዚህ ላይ ትንሽ ታሪክ ማወቅ ገንዘብ ያድናል።

ታይ የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ ቢኒ ቤቢ የሚባሉትን ትንንሽ የጨርቅ እንስሳት ገበያ ላይ ያወጣው በ1993 ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ አበደች። ሰው ለልጆቼ የኮሌጅ ክፍያ ይሆናል እያለ በካርቶን ገዝቶ አከማቸ። በ1999 ላስ ቬጋስ ውስጥ የተፋቱ ባልና ሚስት ፍርድ ቤቱ ወለል ላይ ተንበርክከው አሻንጉሊቶቻቸውን አንድ በአንድ ተካፍለዋል። በዚያው ዓመት ኩባንያው ምርቱን አቆማለሁ ብሎ አወጀ፤ ከዚያ ደግሞ ሐሳቡን ቀይሮ ቀጠለ። ዋጋው ተንኮታኮተ። ዛሬ ያገለገለ ዕቃ በሚሸጥበት ትሪፍት ስቶር ውስጥ በቅርጫት ተከምረው ታገኟቸዋላችሁ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሁሉም ሰው መለያውን ሳይቆርጥ፣ በፕላስቲክ ሸፍኖ ስላስቀመጠው ብርቅ የሚባል ነገር አልቀረም።

ከዚህ ጋር የ1977ቱን የስታር ዋርስ ፊልም መጫወቻ አስተያዩት። ፊልሙ ሲወጣ ኬነር የተባለው አምራች አልተዘጋጀም ነበር። ለገና የሚሸጥ አሻንጉሊት ስላልደረሰለት፣ አሻንጉሊቱ በሚቀጥለው ዓመት በፖስታ ይመጣል የሚል የምስክር ወረቀት ያለበት ባዶ ፖስታ ሸጠ። ሰው ገዛው! አሻንጉሊቶቹ ሲደርሱ ደግሞ ልጆች ተጫወቱባቸው፤ አፈር ውስጥ ቀበሯቸው፤ ትንንሽ መሣሪያቸውን ጣሉት። "ያተርፋል" ብሎ ያስቀመጠ ብዙ ሰው አልነበረም። ዛሬ ከማሸጊያ ካርዱ ሳይነቀል የተረፈው ውድ የሆነው ለዚህ ነው። ግን ዋጋው ከመቶ ዶላር ጀማሪ አቅም በላይ ነው፤ ሐሰተኛ መሣሪያና ካባም ገበያውን ሞልቶታል። አድንቃችሁ እለፉት።

ላቡቡስ? በሰኔ 2025 ቤጂንግ ውስጥ የሰው ቁመት የሚያህል አንድ ላቡቡ በጨረታ 1.08 ሚሊዮን ዩዋን ተሸጠ። በዚያው ወር አምራቹ ፖፕ ማርት ብዙ ዕቃ ወደ ገበያ ሲለቅ የተራዎቹ የሁለተኛ እጅ ዋጋ ወረደ። ፋብሪካው ነገ ጠዋት እንደገና ሊያመርተው የሚችለውን ነገር ለዋጋ ብላችሁ አትግዙ። ለልጃችሁ ከሆነ ግዙላት፤ ያ ሌላ ነገር ነው። ፈንኮ ፖፕ የሚባሉት ራሳቸው ትልልቅ አሻንጉሊቶችም ከዚህ ብዙ አይርቁም። ኩባንያው ራሱ በ2023 ከ30 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚያወጣ የተከማቸ ዕቃ ሊጥል ነው ተብሎ ተዘግቦ ነበር።

በትንሽ ገንዘብ ለሚጀምር ሰው የኔ ምርጫ ሌጎ፣ ማለትም የሚገጣጠመው የፕላስቲክ ጡብ፣ ነው። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ሳጥን ቁጥር አለው፤ ዋጋውን ለማጣራት ያንን ቁጥር መጻፍ ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ አብዛኛው ሳጥን ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሦስት ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ምርቱ ይቆማል። ሦስተኛ፣ ተከፍቶም፣ ተበትኖም ዋጋ አለው። ቢኒ ቤቢ እግሩ ከተቆረጠ አለቀለት፤ ሌጎ ግን ፍሬ በፍሬ ይሸጣል።

ከሞስኮው የኢኮኖሚክስ ከፍተኛ ትምህርት ቤት የወጣ ጥናት ከ1987 እስከ 2015 የተሸጡ ከ2 ሺህ በላይ የሌጎ ሳጥኖችን ተመልክቶ አማካይ ዕድገታቸው በዓመት 11 በመቶ ገደማ ነው ብሏል። ይህን ቁጥር ብዙ ሰው ይወደዋል። ቀጥሎ ያለውን ግን አያነበውም፦ በዚያው ጥናት ውስጥ የዋጋቸውን ግማሽ ያጡም ነበሩ። የሻጭ ክፍያና ፖስታም ከዚያ 11 በመቶ ላይ ነው የሚቀነሰው።

ሌጎም ያቆመውን እንደገና ያመርታል። ታጅ ማሃል የሚባለው ትልቅ ሳጥን በ2008 በቁጥር 10189 ወጣ። ምርቱ ከቆመ በኋላ ዋጋው ብዙ እጥፍ ወጣ። በ2017 ኩባንያው ያንኑ ሕንፃ 10256 በሚል አዲስ ቁጥር መልሶ አወጣው። አሮጌውን በውድ የገዛው ሰው ዋጋው ሲወርድ ቁጭ ብሎ አየ።

ደረጃ 3፦ የተጠየቀውን ሳይሆን የተከፈለውን ዋጋ እዩ

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህን ውሰዱ። የኢንተርኔት ገበያው ኢቤይ ላይ አንድ አሮጌ ሳጥን 400 ዶላር ተለጥፎበት ብታዩ ምንም ማለት አይደለም። አንድ ሰው 400 ተመኝቷል ማለት ብቻ ነው። ምኞት አይሸጥም።

ኢቤይ ላይ የሳጥኑን ቁጥር ጽፋችሁ ፈልጉ። ከዚያ ማጣሪያው ውስጥ ገብታችሁ "የተሸጡ ዕቃዎች" የሚለውን ምረጡ። አሁን የምታዩት ገንዘብ የተከፈለበትን ነው። ከሁሉ የበለጠውን ዋጋ አትያዙ። መሐል ላይ ያለውን ውሰዱ። ስንቱ እንደተሸጠም ቁጠሩ። በሁለት ወር አንድ ብቻ የሚሸጥ ከሆነ የናንተም ተራውን ይጠብቃል።

ለሌጎ ከዚህ የተሻለው ብሪክሊንክ ነው። ከ2019 ጀምሮ የሌጎ ኩባንያ ራሱ የያዘው የሁለተኛ እጅ ገበያ ነው። እያንዳንዱ ሳጥን፣ እያንዳንዱ ትንሽ የሌጎ ሰው፣ እያንዳንዷ ጡብ ባለፉት ስድስት ወራት ስንት ጊዜና በስንት እንደተሸጠ ያሳያል። አዲሱንና ያገለገለውን ለይቶ ነው የሚያስቀምጠው። ምንም ሳትገዙ ለሁለት ሳምንት ማታ ማታ ይህን ብቻ እዩ። ዓይን የሚሠለጥነው እዚህ ነው።

ደረጃ 4፦ ሳትገዙ በፊት ወረቀት ላይ አስሉ

ምሳሌ እንሥራ። ሜሪላንድ ውስጥ አንድ የ20 ዶላር ሳጥን በሙሉ ዋጋ ገዛችሁ እንበል። የሽያጭ ታክሱ 6 በመቶ ስለሆነ 21 ከ20 ሳንቲም ወጣባችሁ። ከሁለት ዓመት በኋላ ዋጋው እጥፍ ሆኖ በ40 ዶላር ተሸጠ። ደስ ይላል አይደል?

ኢቤይ ከ13 በመቶ በላይ ይወስዳል፤ በየሽያጩ ከሚጨምረው አነስተኛ ክፍያ ጋር 6 ዶላር ገደማ በሉት። ፖስታው በናንተ ከሆነ ወደ 10 ዶላር። ካርቶንና ቴፕ 1 ዶላር። እጃችሁ የገባው 23 ዶላር ነው። ሁለት ዓመት አስቀምጣችሁ፣ ዋጋው እጥፍ ሆኖ፣ ያተረፋችሁት 1 ዶላር ከ80 ሳንቲም። ከእጅ አይሻል ዶማ ማለት ይህ ነው።

አሁን ያንኑ ሳጥን በ30 በመቶ ቅናሽ ግዙት። ከነታክሱ 14 ከ84 ይሆናል። ስትሸጡት ደግሞ ፌስቡክ ማርኬትፕሌስ ላይ ለሠፈር ሰው በእጅ በ35 ዶላር ስጡት። የኢቤይ ክፍያ የለም፣ ፖስታ የለም። ትርፉ ከ20 ዶላር ትንሽ አለፈ። ሳጥኑ ያው ነው፤ የተለወጠው የገዛችሁበት ዋጋና የሸጣችሁበት መንገድ ብቻ ነው። ስለዚህ አዲስ ሌጎ በሙሉ ዋጋ አይገዛም። ነጥብ።

ደረጃ 5፦ ርካሽ የሚገኝበትን ቦታ እወቁ

አዲስ ለሚገዛ፦ የሌጎ ድረ ገጽ ምርታቸው ሊቆም የተቃረበውን በምልክት ያሳያል። እነዚያን ቁጥሮች ጻፉና ትልልቆቹ መደብሮች ቅናሽ ሲያደርጉ ጠብቁ። ገና ካለፈ በኋላ ያሉት ሳምንታት ጥሩ ናቸው። ትንንሽ ሳጥኖች ላይ አተኩሩ። ሌላ ቦታ የማይገኝ ሚኒፊገር፣ ማለትም ትንሹ የሌጎ ሰው፣ ያለባቸውን አስቀድሙ። ብዙ ሰብሳቢ የሚፈልገው ሕንፃውን ወይም መርከቡን ሳይሆን ያንን ሰውዬ ነው።

እውነተኛው የድሃ ገበያ ግን ያርድ ሴል ነው። ከሚያዝያ ጀምሮ ቅዳሜ ጠዋት ሰፈሩን ዙሩ። ልጆቻቸው አድገው ኮሌጅ የገቡ ቤተሰቦች ምድር ቤት ያለውን ባልዲ ሌጎ አውጥተው ያስቀምጣሉ። ብዙዎቹ ዋጋውን ለማየት አይጨነቁም፤ ቦታ እንዲለቅላቸው ብቻ ነው የሚፈልጉት። ማርኬትፕሌስ ላይም ድብልቅ ሌጎ በክብደት፣ በፓውንድ ይሸጣል፤ ለአንዱ ፓውንድ ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 10 ዶላር ይጠየቃል።

ባልዲው ፊት ስትቆሙ ምን ታያላችሁ? እንደ ምስር ለቀማ ነው። እጃችሁን እስከ ታች አስገቡና አገላብጡ፤ ትንንሾቹ ነገሮች ወደ ታች ይወርዳሉ። መጀመሪያ ሰዎቹን ፈልጉ። አንድ የስታር ዋርስ ሚኒፊገር ብቻውን የባልዲውን ዋጋ ሊመልስ ይችላል። አንዱን አንሡና ደረቱን ከጎን፣ ከክንዱ ሥር እዩ። ቀጭን ስንጥቅ ካለ ዋጋው ወርዷል። ደረቱ ላይ ያለው ሥዕል ተፍቆ እንደሆነ ወደ ብርሃን አዙሩት። ራሱን ንቀሉና አንገቱን እዩ፤ የሌጎ ስም በጣም በትንሹ ተቀርጾ መኖር አለበት። ካባ ካለው ጫፉ ተተልትሎ እንደሆነ ተመልከቱ።

ከዚያ ጡቦቹን። በእያንዳንዱ እውነተኛ ጡብ አናት ላይ ባሉት ክብ ጉብታዎች ላይ የሌጎ ስም በላቲን ፊደል ተጽፏል። ጉብታው ልሙጥ ከሆነ የሌላ አምራች ነው። እፍኝ ሙሉ አንሥታችሁ ግማሹ ልሙጥ ከሆነ ባልዲውን ተዉት። ነጩና ግራጫው ወደ ቢጫ ከሄደ ፀሐይ መቶታል። ቡናማና ጥቁር ቀይ ቀለም ያላቸው አሮጌ ቁርጥራጮች በቀላሉ ይሰበራሉ፤ ሲጫኗቸው ጠንቀቅ ማለት ነው። ሲጋራ ሲጋራ የሚሸት ከሆነ ወይ ዋጋ አስቀንሱ ወይ ተሰናበቱ።

ቤት ስትደርሱ በለብታ ውሃና በትንሽ ሳሙና በእጅ እጠቡት። ከ40 ዲግሪ በላይ የሞቀ ውሃ ቅርጹን ያጣምመዋል። ተለጣፊ ወረቀትና ባትሪ ያለውን ውሃ አታስነኩት። ሰዎቹን ለብቻ፣ ሙሉ መሆን የሚችሉትን ሳጥኖች ለብቻ፣ ተራውን ጡብ ለብቻ ለዩ። ሰዎቹ አንድ በአንድ ይሸጣሉ። ተራው ጡብ እንደገና በፓውንድ ይሄዳል፤ ንጹሕ ስለሆነ የተሻለ ያወጣል። መቶ ዶላር ይዞ ለጀመረ ሰው ሳጥን ገዝቶ ሁለት ዓመት ከመጠበቅ ይህ ይሻላል እላለሁ። ገንዘቡ በሳምንታት ውስጥ ተመልሶ ሌላ ባልዲ ይገዛል።

ሆት ዊልስ ስለሚባሉት ትንንሽ መኪኖች ሳልናገር ብቀር የሚቀየመኝ አለ። አምራቹ ማቴል ከ1968 ጀምሮ በቢሊዮን የሚቆጠሩ መኪኖችን አውጥቷል። ስለዚህ አንድ ዶላር ከምናምን የገዛችሁት ተራ መኪና ከዓመታትም በኋላ ያው ተራ መኪና ነው። የሚፈለገው ሱፐር ትሬዠር ሃንት የሚባለው ነው። ምልክቱ፦ ቀለሙ የሚያብረቀርቅ፣ ጎማው ከፕላስቲክ ሳይሆን ከጎማ የተሠራ፣ መኪናው ላይ TH የሚሉ ሁለት የላቲን ፊደላት፣ ካርዱ ላይ ከመኪናው በስተኋላ ወርቃማ የእሳት ነበልባል። ነበልባሉ ብርማ ከሆነ ተራው ትሬዠር ሃንት ነው፤ ዋጋው ብዙም አያስደነግጥም። 72 መኪና የሚይዘው ካርቶን ሲከፈት ከናንተ ቀድሞ የቆመ ሰው እንደሚኖር ግን እወቁ። ለወተት በገባችሁበት መደብር መደርደሪያውን አየት አድርጋችሁ ውጡ እንጂ ለሱ ብላችሁ ቤንዚን አታቃጥሉ።

ደረጃ 6፦ ከመታለል ተጠንቀቁ

የታሸገ ሳጥን ከግለሰብ ስትገዙ ማሸጊያውን በጣታችሁ ዳብሱት። ሁለት ጊዜ የተለጠፈ ቴፕ፣ የተነሣ ጠርዝ፣ የሙጫ ዱካ ካለ አትግዙ። መነቅነቅም አይበቃም። ሌጎውን አውጥተው ሳጥኑን በደረቅ ፓስታ ሞልተው ለመደብር የሚመልሱ ሌቦች አሉ፤ ፓስታ ሲነቀነቅ ድምፁ ከሌጎ ጋር ይመሳሰላል። መደብር ውስጥም ቢሆን ተመላሽ ዕቃ ተብሎ በቅናሽ የቀረበውን ከመውሰዳችሁ በፊት ማኅተሙን እዩ።

ከማርኬትፕሌስ ሰው ጋር ስትገናኙ ብዙ ፖሊስ ጣቢያዎች ለዕቃ መለዋወጫ ያዘጋጁት የመኪና ማቆሚያ አላቸው፤ እዚያ ተቃጠሩ። ዕቃውን ሳታዩ በዜል ገንዘብ አትላኩ። "ዛሬ ካልከፈልክ ሌላ ሰው ይወስደዋል" ካለ ሌላ ሰው ይውሰደው።

ደረጃ 7፦ አስቀማመጥ

ፀሐይ፣ እርጥበትና ልጅ። ሦስቱ ጠላቶች እነዚህ ናቸው። መስኮት አጠገብ የተቀመጠ ሳጥን ቀለሙ ይለቃል። ምድር ቤት ወለል ላይ ያስቀመጣችሁት ውሃ የገባ ቀን አለቀለት፤ ቢያንስ መደርደሪያ ላይ ይውጣ። ሳጥን በሳጥን ላይ አትከምሩ፤ የታችኛው ይጨፈለቃል፤ ገዢ ደግሞ ለተጨፈለቀ ሳጥን ሙሉ ዋጋ አይከፍልም። በተረፈ፣ እሑድ ዘመድ ሲሰበሰብ የእህታችሁ ልጅ ሳጥኑን አይቶ "ይከፈትልኝ" ሲል እምቢ ማለት ስለማትችሉ ከዓይን ይራቅ። ለልጆቹ ከተራው ጡብ አንድ ቅርጫት መድቡላቸው፤ ሰላም ይገዛል።

ደረጃ 8፦ መሸጥና መመዝገብ

ከባድና ትልቅ ነገር ለሠፈር ሰው በእጅ ይሸጥ። ትንሽና ቀላል ነገር፣ ለምሳሌ ሚኒፊገር፣ በፖስታ ይሂድ። ክብደቱ ጥቂት ግራም ስለሆነ መላኪያው ትንሽ ነው። ፎቶ በቀን ብርሃን አንሡ። ጭረቱን፣ ስንጥቁን፣ የጎደለውን ፊት ለፊት አሳዩ፤ የደበቃችሁት ነገር ተመላሽ ሆኖ ይመጣባችኋል፣ የመመለሻ ፖስታውም ከናንተ ኪስ ነው። ለሳጥን ሽያጭ ኅዳርና ታኅሣሥ የሞቀ ጊዜ ነው።

አንድ ደብተር ወይም ስልካችሁ ላይ አንድ ሠንጠረዥ ይኑራችሁ። የተገዛበት ቀን፣ የሳጥኑ ቁጥር፣ የተከፈለው ከነታክሱ፣ የተሸጠበት፣ ለኢቤይና ለፖስታ የሄደው። ደረሰኝ አትጣሉ፤ ፎቶ አንሥታችሁ አስቀምጡ። ትርፉ ለአሜሪካ መንግሥት መገለጽ ያለበት ገቢ ነው፤ ኢቤይ የግብር ቅጽ ላከላችሁም አልላከላችሁም። በስንት እንደገዛችሁ የሚያሳይ ማስረጃ ከሌላችሁ የሸጣችሁበት ገንዘብ በሙሉ ትርፍ ተደርጎ ሊቆጠርባችሁ ይችላል። ግብር የሚሠራላችሁ ሰው ካለ በጥር ሠንጠረዡን ስጡት።